«ካምቢዮው ይውረድ» ከመባሉ በፊት፦ የአውቶማቲክ መኪና ሎክአፕ ችግር እንዴት ይመረመራል?

ሐምሌ ላይ አንድ በዕድሜ ጠና ያሉ አባት ኮሮላቸውን ይዘው መጡ። መኪናዋ ቤንዚን አብዝታ ትጠጣለች፤ ቀለበት መንገድ ላይ 80 ስትገባ ሞተሩ እንደ ድሮው አይረጋም፣ ይጮኻል። ሌላ ቦታ አሳይተው «ቶርክ ኮንቨርተሩ አልቋል፣ ካምቢዮው መውረድ አለበት» ተብለዋል። «ልጄ፣ ብሩን ከመቁጠሬ በፊት ሌላ ሰው ይየው ብዬ ነው» አሉኝ። መኪናዋን ይዤ ወጣሁ። ሃያ ደቂቃ ነድቼም የሙቀት መለኪያው ከታችኛው መስመር እምብዛም አልተነሳም። ተመልሰን የቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋውን ቫልቭ) ቤት ስንፈታ ውስጡ ባዶ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሞተሩ ሞቆባቸው ስለነበር፣ «ከእንግዲህ አይሞቅም» ተብሎ ቴርሞስታቱ ተነቅሎ ተጥሏል። እውነትም አልሞቀም። ነገር ግን ሞተር ካልሞቀ ሎክአፕ፣ ማለትም ረጅም መንገድ ላይ ሞተሩንና ካምቢዮውን አጣብቆ የሚያዞረው ነገር፣ አይዝም። አዲስ ቴርሞስታት ገባ፣ በማግስቱ እየነዱ ደወሉልኝ፤ ድምፁ ጠፍቷል።

ኮንቨርተር ያልቃል፣ አያልቅም አልልም። ግን ካምቢዮ ማውረድ የመጨረሻው ሥራ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጃችን ያሉትን አውቶማቲኮች ሳንቆራርጥ ለዓመታት ማቆየት አለብን። ስለዚህ እኔ ራሴ የምሄድበትን ቅደም ተከተል እንዳለ ላስቀምጥላችሁ።

መጀመሪያ፣ ሎክአፕ የሚሠራው ምንድን ነው?

በማንዋል መኪና ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ነው። በአውቶማቲክ ቦታውን የያዘው በዘይት የተሞላ፣ ክብ፣ ድፍን ነገር ነው፤ ኮንቨርተር የምንለው። ከሞተሩ ጋር የታሰረው ወገን ዘይቱን ይወረውራል፣ የተወረወረው ዘይት ከካምቢዮው ጋር የተያያዘውን ተርባይን ይገፋል። የውሃ ወፍጮ ያየ ሰው ነገሩ አይከብደውም፤ ወንዙ መዘውሩን ይገፋል እንጂ ከመዘውሩ ጋር አይታሰርም። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሳይጠፋ የሚቆየውም በዚህ ነው።

ችግሩ ረጅም መንገድ ላይ ይመጣል። ዘይት ብቻውን ሲገፋ ሁልጊዜ የሆነ ያህል መንሸራተት አለ፤ ሞተሩ በደቂቃ 2,200 ጊዜ ሲዞር ተርባይኑ 2,000 ሊዞር ይችላል። መሃል ላይ የጠፋው ጉልበት ሙቀት ይሆንና ዘይቱን ያቃጥላል፣ ነዳጁንም ይበላል። ለዚህ ነው ኮንቨርተሩ ውስጥ የፍሪሲዮን ልባስ ያለው ሳህን የገባው። ኮምፒውተሩ ካምቢዮው ውስጥ ያለውን ሶሌኖይድ (በኮረንት የሚሠራ የዘይት መክፈቻና መዝጊያ) ሲያዝ ዘይት ሳህኑን ከኮንቨርተሩ ክዳን ጋር ያጣብቀዋል፤ ሞተሩና ካምቢዮው እንደ አንድ ይዞራሉ። ሎክአፕ ማለት ይህ ነው።

ኮምፒውተሩ ይህን ትእዛዝ ዝም ብሎ አይሰጥም። ከመኪና መኪና ቢለያይም በጥቅሉ ሞተሩ በቅጡ መሞቅ አለበት፣ ብዙ ቶዮታዎች ላይ የኩላንቱ (የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ) ሙቀት ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ሳይደርስ አይታሰብም። መኪናው ከፍ ባለ ማርሽ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ አለበት። ነዳጅ ላይ ያለው እግር ለስለስ ያለና የማይዋዥቅ፣ ፍሬን ላይ ደግሞ ምንም እግር የሌለ መሆን አለበት። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ሎክአፕ አይመጣም፤ ኮንቨርተሩ አዲስ ቢሆንም አይመጣም። የምርመራው ግማሽ ይህን ዓረፍተ ነገር ማስታወስ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አውቶማቲክ የተባለ ሁሉ ኮንቨርተር የለውም። ኤጂኤስ የሚባለው የሱዙኪ ካምቢዮ ውስጡ ማንዋል ነው፣ ፍሪሲዮኑን የሚረግጠው ማሽን ነው። እንዲህ ዓይነት መኪና ካላችሁ ይህ ጽሑፍ አይመለከታችሁም።

ሕመሙ ሦስት ዓይነት ነው

አንደኛው የማይዝ ነው፦ ረጅም መንገድ ላይ አርፒኤሙ (ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር) ከፍ ብሎ ይቀራል፣ ነዳጅ ይጨምራል፣ ዘይቱ ይሞቃል። ሁለተኛው እየያዘ የሚንሸራተት ነው፦ ከ60 እስከ 80 ባለው ፍጥነት፣ እግራችሁን ነዳጁ ላይ ቀለል አድርጋችሁ ስትሄዱ መኪናው ይርገበገባል። ጎማዎቹ አስፋልት ላይ ባሉ ተከታታይ ትናንሽ ጉብታዎች ላይ ያለፉ ይመስላል፣ ሁለትና ሦስት ሰከንድ ቆይቶ ይጠፋል። ሦስተኛው የማይለቅ ነው፦ መብራት ላይ ስትቆሙ ሞተሩ ተንቀጥቅጦ ይጠፋል፣ ማንዋል መኪና ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ሲቆም እንደሚሆነው። ኒውትራል ላይ ሲሆን ግን ሚኒሞው ሰላም ነው። መኪናችሁ የትኛው እንዳለበት ለይታችሁ ያዙ፤ ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ በዚያ ይወሰናል።

ከግቢ ሳትወጡ

የፍሬን መብራቱን እዩ። ሰው ከኋላ ቁሞ ይይላችሁ፣ ወይም ማታ መኪናውን ከግድግዳ አስጠግታችሁ በመስታወት ተመልከቱ። ፔዳሉ ሳይነካ መብራቱ ከበራ ኮምፒውተሩ «ሹፌሩ ፍሬን ይዟል» ብሎ ያስባል፣ ሎክአፕ አይሰጥም። ከፔዳሉ በላይ ያለችው ስዊች ተበላሽታ ወይም ተፈታታ ይሆናል። ርካሽ ናት፣ ሥራዋም አጭር ነው።

ሞተሩን አስነስታችሁ ሙቀቱን ተከታተሉ። በብዙ መኪኖች ቴርሞስታቱ የሚከፍተው 82 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ጤነኛ ሞተር ከ85 እስከ 95 ባለው ውስጥ ይረጋል። ረጅም ነድታችሁም መለኪያው ታች ከቀረ፣ ወይም ኮምፒውተር ላይ ፒ0128 የሚል ኮድ ከተነበበ፣ ቴርሞስታቱ ክፍት ቀርቷል ወይም ጭራሽ የለም። የአዲስ አበባ ክረምት ጠዋት ላይ ይህ ብቻውን መኪናውን ሎክአፕ ሊያሳጣ ይችላል። ቴርሞስታት ነቅሎ መጣልን እንደ መፍትሔ የሚመክር ሰው ካጋጠማችሁ እባካችሁ እምቢ በሉ። ሞተሩ ከመጠን በላይ የሚሞቅበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ራዲያተሩ፣ የውሃ ፓምፑ ወይም ቬንቲሌተሩ ነው፤ እሱ ይፈለግ።

ማርሽ መያዣው ላይ ያለችውን የኦቨርድራይቭ ቁልፍም (የመጨረሻውን ከፍተኛ ማርሽ የምታጠፋዋን) አትርሱ። ዳሽቦርድ ላይ ኦቨርድራይቭ መጥፋቱን የሚያሳየው መብራት በርቶ ከቆየ ሳታውቁት ተጭናችሁት ይሆናል። ሳትነኩት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን በብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ካምቢዮው የተመዘገበ ጥፋት አለው ማለት ነው፣ ኮዱ ይነበብ።

ዘይቱ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፤ ብዙ ጥፋት የሚገኘውም የሚፈጠረውም በዘይት ነው።

የዘይት መለኪያ ዘንግ ያለው መኪና ከሆነ ከተነዳ በኋላ፣ ካምቢዮው ሙቅ ሳለ፣ ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙት። በብዙ መኪኖች ሞተሩ አይጥፋ፤ እንደ ሆንዳ ባሉት ግን የሚለካው ሞተሩ ጠፍቶ ስለሆነ መጽሐፉን እዩ። ፍሬን ረግጣችሁ ማርሽ መያዣውን በሁሉም ቦታዎች ላይ አሳልፉ፣ እያንዳንዱ ላይ ጥቂት ሰከንድ ቆይታችሁ ወደ ፓርክ መልሱ። ከዚያ ዘንጉን መዝዛችሁ በነጭ ጨርቅ ጥረጉ፣ መልሳችሁ ከትታችሁ አንብቡ። መጠኑ በሙቅ ምልክቱ ክልል ውስጥ መሆን አለበት። ዘንግ የሌላቸው አዳዲስ ሞዴሎች የሚለኩት ከታች ባለ ብሎን ነው፤ የዘይቱ ሙቀት በተወሰነ ክልል ውስጥ ሆኖ ስለሚለካ ኮምፒውተር ያስፈልጋል።

አሁን ጨርቁን ወደ ብርሃን ያዙት። ቀይ ወይም ጠቆር ያለ ቀይ ከሆነ ደህና ነው። ቡናማ ከሆነ አርጅቷል። ጥቁር ሆኖ የከረረ የመቃጠል ሽታ ካለው የሆነ ፍሪሲዮን ውስጥ ተቃጥሏል። ወተት የተቀላቀለበት መስሎ ሮዝ ካደረገ ደግሞ ኩላንት ገብቷል፤ በብዙ መኪኖች የካምቢዮው ማቀዝቀዣ ራዲያተሩ ውስጥ ስለሆነ ውስጡ ሲሰነጠቅ ሁለቱ ይገናኛሉ። ይህን ያየ ሰው መኪናውን አንድ ኪሎ ሜትርም አይንዳው፤ ውሃ የፍሪሲዮኑን ልባስ ከብረቱ ያላቅቃል።

በገበያችን «ቀይ ዘይት» የሚል ስም አለ፤ ሁሉም ቀይ ስለሆነ አንድ ይመስላል፣ አይደለም። ቶዮታ ለቆዩት ሞዴሎች ቲ-4፣ ለአዳዲሶቹ ደብሊውኤስ ያዛል፤ ሆንዳ ዲደብሊው-1 አለው፤ ዴክስሮን የጄነራል ሞተርስ ደረጃ ነው። ልዩነታቸው ሎክአፕ ሳህኑ ሲይዝ ምን ያህል በለስላሳ እንደሚይዝ የሚወስነው ቅመም ነው። ቅመሙ ሲያረጅ ወይም የተሳሳተ ዘይት ሲገባ ሳህኑ ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይይዛል፤ እኛ መርገብገብ የምንለው ይኸው ነው። ስለዚህ የሚርገበገብ መኪና ሲመጣልኝ ሌላ ከመንካቴ በፊት ትክክለኛውን ዘይት አስገባለሁ። አንድ ጊዜ ማፍሰስ አይበቃም። ከኮፓው (ከካምቢዮው ሥር ካለው የዘይት መያዣ) የሚወርደው ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሊትር ብቻ ነው፣ የቀረው ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቀራል። አፍስሶ መሙላት፣ ጥቂት ቀን መንዳት፣ ደግሞ ማፍሰስ፤ ሁለትና ሦስት ዙር። ብዙ መርገብገብ እዚህ ላይ ያበቃል።

የመንገድ ፈተናው

ሰው አስከትሉ፤ እናንተ ንዱ፣ እሱ ቁጥር ያንብብ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ደልዳላና ጭር ያለ መንገድ ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ምቹ ነው፣ ነገር ግን መንገዱ ወደ ታች ስለሚወርድ ቁልቁለቱ ላይ አትፈትኑ። እግር ከነዳጁ ላይ ሲነሳ ኮምፒውተሩ ሎክአፑን ሊለቅ ስለሚችል ውጤቱ ያደናግራችኋል።

ከቆማችሁበት ተነስታችሁ ለስለስ ባለ እግር ፍጥነት ጨምሩ፣ አርፒኤሙ ዝቅ ያለበትን ጊዜ ቁጠሩ። ባለ 4 ማርሽ ካምቢዮ ሦስት ጊዜ ማርሽ ይቀይራል፤ መርፌውም ሦስት ጊዜ ይወርዳል። ከዚያ 70 አካባቢ አራተኛ ጊዜ፣ ከ200 እስከ 400 ያህል ብቻ፣ ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል። ብዙ ሹፌር ይህን አምስተኛ ማርሽ ይለዋል። ሎክአፑ ነው።

ፍጥነቱን 80 ላይ አቆዩት። ከኋላችሁ መኪና አለመኖሩን አረጋግጣችሁ፣ የቀኝ እግራችሁን ከነዳጁ ሳታንቀሳቅሱ በግራ እግራችሁ ፍሬኑን መብራቱ እስኪበራ ድረስ ብቻ ነካ አድርጉ። የመኪናው ፍጥነት መቀነስ የለበትም። ጤነኛ ከሆነ አርፒኤሙ ወዲያው ከፍ ይላል፤ እግራችሁን ስታነሱ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ተመልሶ ይወርዳል። ምንም ካልተለወጠ ሎክአፑ መጀመሪያውኑ አልያዘም። በሚርገበገብበት ቅጽበት ፍሬኑን ነካ ስታደርጉ መርገብገቡ እንደተቆረጠ ክር ቀጥ ካለ ጥፋቱ ከሎክአፑ ነው።

ነክታችሁም መርገብገቡ ከቀጠለ ወደ ሞተሩ ተመለሱ። ያረጀ ካንዴላ ወይም የደከመ ኮይል ከሎክአፕ መርገብገብ ጋር እጅግ ይመሳሰላል፤ በተለይ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲጨመር ይብሳል፣ ፒ0300 እና ተከታዮቹ ኮዶችም ሊነበቡ ይችላሉ። የተበጠሰ የሞተር ሱፖርቶም ንዝረት ያስተላልፋል። ኮይል ሳይፈተሽ ካምቢዮ ያወረዱ ሰዎች አውቃለሁ፤ ካምቢዮውን ሰቅለው ሲያስነሱ ንዝረቱ እዚያው ጠበቃቸው።

ኮምፒውተሩ ሲሰካ

ስልክ ላይ የሚያነብ ትንሿ የኦቢዲ መሣሪያም የሞተሩን ኮድ ታነባለች፤ የካምቢዮውን ለማየት ግን የመኪናውን ዓይነት የሚያውቅ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ፒ0741 ሎክአፑ ታዞ አልያዘም ማለት ነው፤ ፒ0742 አልለቀቀም፤ ፒ0740 እና ፒ0743 የኤሌክትሪክ መስመር ጥፋት ናቸው። ቶዮታ ላይ ፒ2769 እና ፒ2770 የሎክአፕ ሶሌኖይዱ ሽቦ ተገናኝቷል ወይም ተቆርጧል ይላሉ። ፒ0741 ያየ ሰው ወዲያው «ኮንቨርተር» ይላል፣ እኔ ግን አልልም። ኮዱ የሚናገረው ውጤቱን ነው፤ ያረጀ ዘይትም፣ የተጣበቀ ቫልቭም፣ የደከመ ሶሌኖይድም ያንኑ ኮድ ያመጣሉ።

ከኮዱ ይልቅ የማምነው ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን ማየት ነው፦ የሞተሩን አርፒኤምና የተርባይኑን አርፒኤም። 80 ላይ እየሄዳችሁ፣ የሎክአፕ ትእዛዙ «በርቷል» ሲል፣ ልዩነታቸው ወደ ዜሮ መጠጋት አለበት። አንዳንድ መኪና ሆን ብሎ እስከ 50 ያህል ያንሸራትታል፣ ያ ጥፋት አይደለም። ትእዛዙ በርቶ ልዩነቱ 200 ላይ ምንም ሳይነቃነቅ ከቀረ ዘይቱ ወደ ሳህኑ አልደረሰም፤ ብዙ ጊዜ ሶሌኖይዱ ወይም የቫልቭ ቦዲው (ካምቢዮው ውስጥ ዘይቱን የሚያከፋፍለው ክፍል) ነው። ልዩነቱ ወርዶ፣ ነዳጅ ስትጨምሩ ደግሞ ወደ 100 እና 150 የሚወጣ ከሆነ ሳህኑ ይይዝና ይንሸራተታል፤ ዘይቱ ከተቀየረ በኋላም እንዲሁ ከሆነ የኮንቨርተሩ ልባስ አልቋል። ትእዛዙ ጭራሽ ካልመጣ ግን ኮንቨርተሩን ተዉት፣ ወደ ቴርሞስታቱና ወደ ፍሬን ስዊቹ ተመለሱ።

ሽቦና ሶሌኖይድ

የካምቢዮውን ሶኬት ንቀሉ፣ ውስጡን እዩ። ዘይት፣ የክረምት ውሃ፣ ዝገት፣ አይጥ የበላው ሽቦ፤ ሁሉንም አይቻለሁ። ከዚያ ቁልፉ ጠፍቶ ሶሌኖይዱን በመልቲሜትር ለኩ። ከፍቶ መዝጋት ብቻ የሚሠራው ዓይነት በብዙ ቶዮታዎች 20 ዲግሪ ላይ ከ11 እስከ 15 ኦም አካባቢ ያነባል፤ ግፊትን ደረጃ በደረጃ የሚቆጣጠረው ደግሞ 5 ኦም ገደማ ነው። የመኪናችሁን ትክክለኛ ቁጥር ከጥገና መጽሐፉ አመሳክሩ። ቀዝቃዛ ሲሆን ደህና የሆነ ሶሌኖይድ ሲሞቅ ሊቆረጥ ስለሚችል ከመንገድ እንደተመለሳችሁ ደግማችሁ ለኩ።

ሶሌኖይዱን አውጥታችሁ በባትሪ የምትሞክሩት ከሆነ ባለ 5 ኦሙን በቀጥታ ከ12 ቮልት ጋር አታገናኙት፣ ይቃጠላል። ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል መሃል ላይ አስገቡ፣ ኮረንቱ በእሱ በኩል ይለፍ።

ለማይለቀው ሕመም አንድ ተጨማሪ ሙከራ አለ፦ መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ከዚያ አስነስታችሁ፣ ፍሬን ረግጣችሁ ዲ ላይ አስገቡ። አሁን ካልጠፋ ሶሌኖይዱ ሳይገባው ኮረንት እየደረሰው ነበር። አሁንም ከጠፋ ውስጥ የተጣበቀ ቫልቭ አለ ወይም ሳህኑ ራሱ ተይዟል። በዚህ ሁኔታ መኪናውን አትንዱ።

ኮፓው ሲወርድ

ከታች ያሉትን ማግኔቶች እዩ። እንደ ስስ ጭቃ ያለ ግራጫ ዝቃጭ የተለመደ ነው፣ ጥረጉት። በጣት የሚለቀም የሚያብረቀርቅ የብረት ስባሪ፣ ወይም በጥቁር ዘይት ውስጥ የተንሳፈፈ የልባስ ብጣሽ ካገኛችሁ ግን ክርክሩ አልቋል፤ ካምቢዮው ይወርዳል።

በዚህ መሃል አንዳንድ ባለሙያ ፍሬን ረግጦ፣ ዲ ላይ አስገብቶ፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻ በመስጠት ሞተሩ የሚደርስበትን አርፒኤም ይለካል። ይህ ሙከራ የሎክአፑን ጤንነት አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ ሞተሩ ጉልበትና ኮንቨርተሩ ውስጥ ስላለው ስቴተር (ከተርባይኑ የሚመለሰውን ዘይት አቅጣጫ የሚያስይዘው ክፍል) ነው። ከ5 ሰከንድ በላይ ከቆየ ዘይቱን ያቃጥላል። ደግሞም መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል እዚህ ያጣል፣ ቁጥሩም ዝቅ ይላል። «ስቴተሩ ሄዷል» ከመባሉ በፊት ይህ ይቆጠር።

ኮንቨርተሩ መቀየር ካለበት

ሁሉ ተፈትሾ ልባሱ አልቋል ከተባለ፣ ኮንቨርተሩ ብቻ ተቀይሮ አይበቃም። የድሮው ልባስ ብናኝ በማቀዝቀዣው ቱቦ ውስጥ አለ፤ ቱቦው ካልታጠበ አዲሱን ኮንቨርተር ያበላሻል። ፊልትሮውና የኮፓው ጓርኒሲዮንም አብረው ይቀየሩ።

ሥራው ላይ ቁሙ፣ ወይም የምታምኑትን ሰው አቁሙ። አዲሱ ኮንቨርተር ከመግባቱ በፊት ትንሽ ዘይት ይጨመርበታል። ከዚያ እየተሽከረከረ ይገፋል፤ ጥርሶቹ በየተራ ሲገቡ እጅ ላይ እየሰመጠ ሲሄድ ይሰማል፣ የመጨረሻው ከፓምፑ ጋር ሲገናኝ ነው። መግባቱ የሚረጋገጠው ከካምቢዮው ከንፈር እስከ ኮንቨርተሩ ያለው ርቀት በማስመሪያ ተለክቶ ከመጽሐፉ ጋር ሲመሳከር ነው። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር ሲገጠም በእጅ ገፍተው ሊጋጠሙ ይገባል፤ ክፍተት ቀርቶ በብሎን እየሳቡ ማጥበቅ ከጀመሩ አስቁሟቸው። ኮንቨርተሩ አልገባም፣ ብሎኑ ሲጠብቅ የሚሰበረው ፓምፑ ነው።